ዛሩ እውነት፣ መንኮራኩሯ ውሸት፦ ሳይንስ ፊክሽንና ፋንታሲ በዩኒቨርሲቲ ይጠናሉ እንዴ?

ብርቱካን ልጣጭ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ሻያችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፣ ሁለተኛ ዲግሪ። የመመረቂያ ጽሑፌን በሳይንስ ፊክሽንና በፋንታሲ ላይ ልሥራ ብዬ ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። ሳቁ። አፌዙብኝ ማለቴ አይደለም፣ ግን ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ተረት ልትጽፊ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «በቁም ነገር ያጠናው ሰው ካለ ስም አምጪ» ብለው ሁለት ሳምንት ሰጡኝ።

ሐሳቡን ያመጣችብኝ አያቴ ናት። ለፋሲካ ቤት ሄጄ በላፕቶፔ አንድ የፈረንጅ ፊልም አብረን እያየን ነበር። የጠፈር መንኮራኩር አለበት፣ ሰው ላይ የምትሰፍር የሙት መንፈስም አለችበት። እኔ እየተረጎምኩላት ነው። መንፈሷ ልጅቷ ላይ ስትሰፍር አያቴ ምንም አልገረማትም። «አዎ፣ እንዲህ ነው የሚጥላቸው። የጎረቤታችን ዛርም ሲመጣባት እንዲህ ያደርጋት ነበር» አለች። መንኮራኩሯ እሳት እየተፋች ስትነሳ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ውሸታሞች!» ሰው ጨረቃ ላይ መውጣቱንም እስከ ዛሬ አታምንም።

እኔ ክፍል ውስጥ የተማርኩት ደግሞ የዚህን ግልባጭ ነው። መንኮራኩር ያለበት «ሊሆን የሚችል» ነው፣ ሳይንስ ፊክሽን ይባላል። መንፈስ ያለበት «ሊሆን የማይችል» ነው፣ ፋንታሲ ይባላል። ታዲያ አያቴ ያየችው ፊልም የትኛው ነው?

ጥያቄዎቼ፦ አማካሪዬን ዝም የሚያሰኝ ስም አለ ወይ? የአያቴን ነገርስ ያነሳው አለ?

ሻይ በሎሚ፦

አማካሪሽን ቀይሪና አያትሽን ያዢ። ጨርሻለሁ።

የሌሊት ፈረቃ፦

እህቴ፣ የምጽፍልሽ ከዋሽንግተን፣ ከፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ መኪና የሚባል አይመጣም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህች ዳስ ውስጥ ያላነበብኩት የለም። ስም ከፈለጉ ስም እንስጣቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

«ኤክስትራፖሌሽን» የሚባለው የጥናት መጽሔት የተጀመረው በ1959 ነው፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ በዉስተር ኮሌጅ። የጀመረው ቶማስ ክላርሰን ነው። እንግሊዞቹ በ1972 «ፋውንዴሽን»ን አስከተሉ፣ በዓመቱ «ሳይንስ ፊክሽን ስተዲስ» መጣ። ሦስቱም ዛሬም ይታተማሉ። የተመራማሪዎቹ ማኅበር በ1970 ተቋቋመ። ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደራሲው ጄምስ ገን ከ1969 ጀምሮ ትምህርቱን ሰጥቷል። ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ብቻ የተሰበሰበ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለው። ግላስጎው ደግሞ በፋንታሲ ማስተርስ ይሰጣል። አዎ፣ በፋንታሲ ብቻ።

«ተረት ልትጽፊ ነው?» ላሉሽ ደግሞ የ«ሆቢት»ን ደራሲ ቶልኪንን ጥሪላቸው። በ1939 ስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ንግግር አድርጓል። ርዕሱ ምን መሰለሽ? ስለ ተረት! ያኔ ሰውየው የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ነው። ተረት የልጆች ዕቃ የሆነው ሳሎን ውስጥ ያረጀ ወንበር ወደ ልጆች ክፍል እንደሚገፋው ነው፣ ልጆቹ መርጠውት አይደለም ብሎ ተከራከረ።

አማካሪሽ የጠየቁሽ ይሄን ከሆነ አለቀ። የአያትሽ ጥያቄ ግን አላለቀም። እሱን ለሚችሉት እተዋለሁ፣ መኪና መጣ።

ማኪያቶ ያለ ስኳር፦

ስም መደርደር ጥሩ ነው፣ ግን የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ላይ ስም አያድንም። አንድ ሰው በደንብ ያዢ። ዳርኮ ሱቪን። ዛግሬብ የተወለደ፣ ሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ። በ1979 ያሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ጥናት የመሠረት ድንጋይ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣ ሁሉ ወይ ይደግፈዋል ወይ ይጣላዋል፤ ዘሎት የሚያልፍ የለም።

ሐሳቡ በአጭሩ ይሄ ነው። ሳይንስ ፊክሽን የለመድነውን ዓለም እንግዳ አድርጎ ያሳየናል። እንግዳ የሚያደርገው ግን ዝም ብሎ አይደለም፣ በዕውቀት መንገድ ነው። ታሪኩ ውስጥ አንድ አዲስ ነገር ይገባል፣ እሱ በላቲን «ኖቩም» ይለዋል። አንድ መሣሪያ፣ አንድ ፍጡር፣ ወይም አንድ የማኅበረሰብ ሥርዓት ሊሆን ይችላል። ከዚያ የቀረው ዓለም ሁሉ ከዚያ አዲስ ነገር በምክንያትና በውጤት እየተመዘዘ ይወጣል። «እንግዳ ማድረግ» የሚለውን ከሩሲያው ሃያሲ ሽክሎቭስኪና ከጀርመኑ ጸሐፌ ተውኔት ብሬኽት ነው የወሰደው። ብሬኽት ምሳሌ ሲሰጥ ጋሊሊዮን ያነሳል። ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚያየውን የሚወዛወዝ መብራት ጋሊሊዮ ከዚህ በፊት አይቶት እንደማያውቅ ሰው ተገርሞ አየው፤ የመወዛወዙንም ሕግ ያገኘው ስለተገረመ ነው።

አሁን ለአንቺ የሚከብደው ይመጣል። ሱቪን ፋንታሲን አይወድም። እንግዳነት አለው፣ ዕውቀት ግን የለውም፣ ስለዚህ አእምሮን ወደ ኋላ ይጎትታል ባይ ነው። በኋላ ላይ አለዘበው፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ግን ይሄ ነው። መንፈስ፣ አስማት፣ ዛር ከአጥር ውጭ ናቸው። አያትሽም ከነዛሯ ውጭ ቀረች።

ብርቱካን ልጣጭ፦

የሌሊት ፈረቃ፣ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የወንበሩን ነገር ለአማካሪዬ በቃሌ ነው የምነግራቸው።

ማኪያቶ፣ ገባኝ። ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ከብርሃን የሚፈጥን መንኮራኩርስ? የፊዚክስ ሰዎች አይሆንም ይላሉ። እሱ ለምን ከአጥር ውስጥ ሆነ?

ማኪያቶ ያለ ስኳር፦

የፈለግኩት ጥያቄ! ሃያሲው ካርል ፍሪድማን በ2000 ያነሳው ይሄንኑ ነው። ሳይንሱ ትክክል መሆኑ ወሳኝ አይደለም አለ። ዋናው ነገር ድርሰቱ ራሱ የያዘው አቋም ነው። ተራኪው «ይሄ በምክንያት የሚሆን ነገር ነው» ብሎ በልበ ሙሉነት ካወራ፣ አንባቢው ላይ የዕውቀት ስሜት ይፈጥራል። ያ ይበቃል።

ከዚያ በ2009 እንግሊዛዊው ቻይና ሚየቪል («ቻይና» ስሙ ነው፤ ራሱም የፋንታሲ ደራሲ ነው) ተነሳና ነገሩን ገለበጠው። ስሜት ከሆነማ ጥያቄው የሳይንስ አይደለም፣ የሥልጣን ነው አለ። ደራሲው አንባቢውን አሳምኖታል ማለት ነው። አንባቢው የሚያምነው ደግሞ ከላቦራቶሪ የመጣ የሚመስል ቋንቋ ስለሰማ ነው። ነጭ ጋዎን ያየ ሁሉ ሐኪም ይመስለዋል እንደሚባለው።

እንግዲህ አያትሽ ነጭ ጋዎኑ አልሠራባትም። የመንኮራኩሩ ቋንቋ ለእሷ ሥልጣን የለውም። የዛሩ ቋንቋ ግን አለው፣ ጎረቤቷ ላይ በዓይኗ አይታለች።

ሻይ በሎሚ፦

የእኔ አያት ደግሞ ሁለቱንም አታምንም። የምታምነው የአየር ትንበያን ብቻ ነው። እሱን ደግሞ እኔ አላምንም።

ጣና ማዶ፦

ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ስም ምን ያደርጋል? ክብረ ነገሥትን ክፈቱ። ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ከሰጣት ስጦታ ውስጥ አንዱ በአየር የሚኬድበት መጓጓዣ ነው። ቀዳማዊ ምኒልክ ታቦቱን ይዞ ሲመጣም ሠረገላዎቹ ከምድር አንድ ክንድ ከፍ ብለው ሄዱ፣ የ13 ቀን መንገድ በአንድ ቀን ገቡ ይላል። መንኮራኩር ከዚህ በላይ ምንድን ነው? «መንኮራኩር» የሚለውን ቃልም ቢሆን ለጠፈር ዕቃ የሰጠነው ከቤተ ክህነት ወስደን ነው። መጽሐፈ ሔኖክም አለ፣ ሰማይ ለሰማይ ጉዞ ነው። ሙሉው ያለው በግዕዝ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሳይንስ ፊክሽን የእኛ ነው።

ነጠላ ለባሽ፦

ጣና ማዶ፣ ወንድሜ፣ በትሕትና ልቃወምህ። ሔኖክ በቤተ ክርስቲያናችን ቅዱስ መጽሐፍ ነው። «ፊክሽን» ስትለው ምን እያልክ እንደሆነ ገብቶሃል? ልብ ወለድ አልከው እኮ። ከልብ የተወለደ፣ ሰው ያሰበው። እኔ ፊልሙንም ልብ ወለዱንም አነባለሁ፣ አያለሁ፣ አክራሪ አይደለሁም። ግን ለይተን።

ጣና ማዶ፦

ማሳነሴ አይደለም እህቴ፣ ማክበሬ ነው። ፈረንጆች ጥንታዊ መጽሐፎቻቸውን ሁሉ «የሳይንስ ፊክሽን አባት» ይሉ የለ? በ2ኛው ክፍለ ዘመን የሶርያው ሉቂያኖስ በጨረቃና በፀሐይ ሰዎች መካከል ስለተደረገ ጦርነት የጻፈውን እንኳን ይቆጥራሉ።

ነጠላ ለባሽ፦

ሉቂያኖስ ገና ሲጀምር «የምነግራችሁ ሁሉ ውሸት ነው» ብሏል። ሔኖክ እንዲህ አላለም። ልዩነቱ ይሄ ነው።

የሌሊት ፈረቃ፦

ነጠላ ለባሽ ያለችውን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ጆን ሪደር የሚባል ተመራማሪ በ2010 እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ ዘውግ (የድርሰት ዓይነት ማለቱ ነው) ድርሰቱ ሆድ ውስጥ ያለ ነገር አይደለም፣ ሰዎች በድርሰቱ ላይ የሚያደርጉት ነገር ነው። ማን ጻፈው፣ ማን አሳተመው፣ ማን በምን ስም ሸጠው፣ ማን በምን ልብ አነበበው። ሔኖክን የሚያነብ ምእመን ሳይንስ ፊክሽን እያነበበ አይደለም። ሰማይ ቢኖርበትም፣ ጉዞ ቢኖርበትም።

ስለዚህ «የመጀመሪያው ማነው» የሚለው ውድድር አድካሚ ነው። ደራሲው ብራያን አልዲስ በ1973 ዘውጉ ከ1818ቱ «ፍራንከንስታይን» ነው የሚጀምረው አለ። ሌላው ከአፕሪል 1926 በፊት የለም ይላል፤ ሁጎ ገርንስባክ «አሜዚንግ ስቶሪስ» መጽሔቱን ያወጣበት ወር ነው፣ ስም የተሰጠውና ገበያ የወጣው ያኔ ነው ብሎ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ስም የሌለው ልጅ አይጠራም።

የእኛን አገር በዚህ ጥናት ውስጥ ለሚፈልግ ግን ከ«አንደኛ ነን» የሚሻል ነገር አለ። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 የጻፈው «ራሴላስ»። ባለታሪኩ የሐበሻ ልዑል ነው፣ ቦታው «በአማራ መንግሥት» ውስጥ ያለ የተዘጋ ሸለቆ። ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ አላየም፣ ከዚያ በፊት የፖርቱጋሉን ሎቦ የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ ነበር። ምዕራፍ 6 ላይ አንድ ብልሃተኛ ሰው የበረራ ክንፍ ይሠራል። የአየርን ባሕርይ ያስረዳል፣ የሌሊት ወፍን ክንፍ ያጠናል፣ አንድ ዓመት ይለፋል። ከዚያ ከገደል ላይ ዘሎ ሐይቅ ውስጥ ጧ! በአየር ያልረዳው ክንፍ ውኃ ላይ አንሳፈፈው፣ ልዑሉ ጎትቶ አወጣው። ምክንያት አለ፣ ሙከራ አለ፣ ውድቀት አለ። ሱቪን ራሱ ይሄን ከአጥር ማስወጣት የሚከብደው ይመስለኛል።

ቦሌ ሚካኤል፦

የሰውየው ክንፍ የእኔን ሁለተኛ እጅ መኪና አስታወሰኝ። ከውኃ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።

እንጀራ በኪሎ፦

ሠላም፣ ዘግይቼ ገባሁ። ልጆቼን ስላስተኛሁ ነው።

ከሪደር ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ሐሳብ ልጨምር። ሳሙኤል ዲላኒ፣ ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲና ሃያሲ ነው። ሳይንስ ፊክሽን በይዘቱ ሳይሆን በአነባበቡ ይለያል ይላል። ምሳሌው «ዓለሟ ፈነዳ» የምትል ዓረፍተ ነገር ናት። ተራ ልብ ወለድ ውስጥ ካገኘሃት ሴትየዋ ተከፍታለች ማለት ነው። ሳይንስ ፊክሽን ውስጥ ከሆነ ግን ፕላኔቷ በእርግጥ ፈንድታ ይሆናል።

በእኛ ስናስበው፦ «ሰማይ ተደፋብኝ» አለች እንበል። ተራ ታሪክ ውስጥ ሐዘን ነው። ሳይንስ ፊክሽን ውስጥ ግን ቆም ብለን እንጠይቃለን። የትኛው ሰማይ? ምን ደግፎት ነበር? ሰው ነው የሠራው? አየር አለቀባቸው?

ሰምና ወርቅ ያልተጠራበት የአማርኛ ክርክር የለም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና እኔም ልጥራው። ቅኔ ስንሰማ ሰሙን አቅልጠን ወርቁን እንፈልጋለን። ሳይንስ ፊክሽን ስናነብ ግን ሰሙን እንዳይቀልጥ አጥብቀን መያዝ አለብን። ወርቁ እሱ ራሱ ነው። አማካሪሽ ያልለመዱት አነባበብ ይሄ ይሆናል። መንኮራኩሯን ሲያዩ ወዲያው «የምን ምሳሌ ናት?» ብለው ይሄዳሉ። ምሳሌ ብቻ አይደለችም እኮ! መጀመሪያ መንኮራኩር ናት።

የድሮ መምህር፦

ልጆቼ፣ ብዙ ጊዜ እዚህ ቤት አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ እንጀራ በኪሎ፣ ልጄ፣ ጥሩ ብለሻል፣ ግን ቅኔን በከፊል ነው የያዝሽው። ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ቅኔው ተበላሸ ይባላል። መምህሩ መጀመሪያ ሰሙ ትርጉም መስጠቱን ነው የሚያዩት። ሰሙ የዘባረቀ ተማሪ ወርቁ ምንም ቢያምር ይመለስበታል። እና ያልሽው አነባበብ ለቅኔ ቤት ልጅ አዲስ አይደለም። ሰሙን የሚያቀልጠው ከውጭ የሚሰማው ሰው ነው።

ሁለተኛው ለባለጥያቄዋ ነው። አያትሽ ተረት ነግራሽ ታውቃለች? ነግራሽ ከሆነ እንዴት ነበር የምትጀምረው?

ብርቱካን ልጣጭ፦

ጋሼ፣ እንኳን በደህና መጡ። አዎ፣ በልጅነቴ ማታ ማታ ትነግረኝ ነበር። እንደማንኛውም ሰው ነው የምትጀምረው። «ተረት ተረት» ትላለች፣ እኔ «የላም በረት» እላለሁ። ስትጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትላለች።

የድሮ መምህር፦

ደግ። አሁን ልጠይቅሽ። የጎረቤቷን ዛር ስትነግርሽ «ተረት ተረት» ብላ ጀመረች?

ብርቱካን ልጣጭ፦

…አላለችም። በፍጹም አትልም።

የድሮ መምህር፦

ለጅብና ለጦጣው «ተረት ተረት» ትላለች። ለዛሩ አትልም። ቡዳ በላው ስትልም አትልም። አያትሽ ዘውግ አታውቅም ማን አለ? ከእኛ ይልቅ ጥንቁቅ ናት። «ተረት ተረት» ማለት በር ነው። ሰሚውም «የላም በረት» ሲል ገብቻለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ጅቡ ቢናገር ማንም ጅብ አይናገርም ብሎ አይከራከርም። የዳቦው ነገር ደግሞ መውጫው ነው። ከበሩ ውጭ ያለው ሌላው ወሬ ሁሉ ወይ እውነት ነው ወይ ውሸት።

እኔ የውጭዎቹን ሰዎች እንደ እናንተ አላነበብኩም። ነገር ግን ድንበሩን የሚያሰምረው ነገሩ ሊሆን መቻሉ ሳይሆን ተናጋሪና ሰሚ የተዋዋሉት ውል ነው ያላቸው ካለ፣ እናቶቻችን ምድጃ ዳር ያውቁት ነበር።

ማኪያቶ ያለ ስኳር፦

ጋሼ፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ተነስቼ ደገምኩት።

ያላቸው አለ። ቶልኪን በዚያው በ1939 ንግግሩ ይሄን ነክቷል። ጥሩ ተራኪ ሁለተኛ ዓለም ይሠራል፣ ሰሚው አእምሮውን ይዞ ይገባል፣ እዚያ ውስጥ እስካለ ድረስ ያምናል፤ አለማመኑን እየታገለ አይደለም። ተመራማሪዋ ፋራ ሜንድልሶን ደግሞ በ2008 ፋንታሲን በመግቢያው ዓይነት በአራት ከፈለችው። በበር ተሻግረን የምንገባበት፣ ከመጀመሪያው እዚያው ውስጥ የምንገኝበት፣ አስማቱ ራሱ ወደ እኛ ቤት ሰብሮ የሚገባበት፣ አራተኛው ደግሞ ደፍ ላይ ቆሞ የሚቀር ነው። አያትሽ ያየችው የመንፈስ ታሪክ ለሜንድልሶን ሦስተኛው ነው፣ ሰብሮ ገቢው። ለአያትሽ ግን ምን ሰበረ? ዛሩ ድሮም እዚያው ሰፈር ነበር።

«ፋንታስቲክ» የሚለው ዘውግ ራሱ የሚቆመው በመጠራጠር ነው ያለው ትውልደ ቡልጋሪያ ፈረንሳዊው ሃያሲ ቶዶሮቭ ነው፣ በ1970። መንፈስ ነው ወይስ ሕልም ብሎ አንባቢው እስካመነታ ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው ይላል። አያትሽ አታመነታም፤ ለቶዶሮቭ ዘውጉ እሷ ፊት የለም ማለት ነው።

እንጀራ በኪሎ፦

ይሄን ክፍተት ከአፍሪካ ወገን ሆና የሞላችው ኔዲ ኦኮራፎር ናት፣ ትውልደ ናይጄሪያ አሜሪካዊት ደራሲ። «አፍሮፉቱሪዝም» (ጥቁሮች የወደፊቱን የሚያልሙበት ድርሰትና ጥበብ) የሚለውን ቃል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ሃያሲው ማርክ ዴሪ ነው፣ የሚያየውም አሜሪካ ያሉ ጥቁሮችን ነበር። ኦኮራፎር በ2019 «የእኔ ሥራ እሱ አይደለም» አለችና ሁለት ቃል አወጣች። አንዱ «አፍሪካንፉቱሪዝም»፣ መሐሉ አፍሪካ ላይ ያለ። ሁለተኛው «አፍሪካንጁጁይዝም»። ይሄኛው ፋንታሲ ነው፣ ግን በእውን ያሉ የአፍሪካ እምነቶችን ከተፈጠረው ነገር ጋር ስፌቱ ሳይታይ፣ በአክብሮት ያዋሕዳል። «በእውን ያሉ» የሚለው ላይ አስምሩበት። መንፈሱ የድርሰቱ ፈጠራ አይደለም እያለች ነው።

የጥንቱን ለሚወድ ደግሞ ፖሊን ሆፕኪንስ አለች። ጥቁር አሜሪካዊት፣ በ1902 እና 1903 በአንድ መጽሔት ላይ በተከታታይ ያወጣችው ልብ ወለድ አሁን በየዩኒቨርሲቲው የአፍሮፉቱሪዝም ቀዳሚ ተብሎ ይነበባል። ቦስተን ያለ የሕክምና ተማሪ ወደ ጥንታዊት ኢትዮጵያ ይሄድና በሜሮዌ ፍርስራሽ ስር የተደበቀች ከተማ ያገኛል፣ ንጉሥ ሆኖም ይገኛል። የእሷ «ኢትዮጵያ» የዛሬዋ ሱዳን ውስጥ ናት፣ ሳይምታታባችሁ። ግን ከአድዋ ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

ቦሌ ሚካኤል፦

ፊልሙንስ ረሳችሁት? «ክራምስ»፣ 2015። ዳይሬክተሩ ስፔናዊ ነው፣ ሚጌል ያንሶ፣ ቋንቋው ግን አማርኛ ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይሠሩበታል፣ ዳሎል ላይም ተቀርጿል። ዓለም ካለቀች በኋላ ነው። ሰማይ ላይ የዛገ መንኮራኩር ተንጠልጥሏል፣ ምድር ላይ ጠንቋይ አለች። የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ቅርስ ይከበራል፣ ልጅቷ ማይክል ጆርዳን ፊት ትጸልያለች። መንኮራኩርና ጠንቋይ በአንድ ፊልም! አያትሽን እሱን አሳያት። አማርኛ ስለሆነ አትደክሚም።

ነጠላ ለባሽ፦

እኔ አይቼዋለሁ። ግማሹ አልገባኝም፣ ዳሎሉ ግን ያምራል።

የድሮ መምህር፣ ያሉት ልቤን አሳረፈው። ሔኖክ «ተረት ተረት» አላለም። እኔ ልል የፈለግኩት ይሄንን ነበር፣ ቃል አጥሮኝ ነው።

ጣና ማዶ፦

እሺ ተሸነፍኩ። በአየር የሚኬድበትን መጓጓዣ ግን አልመልስም።

ብርቱካን ልጣጭ፦

አራት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። መብራትም ኔትወርክም አልነበረም። ትላንት ነው ያነበብኩት።

አማካሪዬ ጋ ሄድኩ። የወንበሩን ነገር ነገርኳቸው፣ መጽሔቶቹን ዘረዘርኩ። «ይሁን» አሉ። ያልጠበቅኩት ግን የ«ተረት ተረት»ን ነገር ሳወራ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይሄን ማን ነገረሽ?» አሉኝ። አንድ የድሮ መምህር ኢንተርኔት ላይ አልኳቸው። አላመኑኝም መሰለኝ። ርዕሱን አጥብበሽ አምጪ ብለውኛል። ስለዚህ ስለ መንኮራኩር ታሪክ ሳይሆን ስለ በሩ ልሠራ ነው። ሰው ለየትኛው ወሬ በር ይከፍታል፣ የትኛውን ያለ በር ያወራል፣ በር ሳይኖረው የመጣውንስ ምን ይለዋል። ሱቪን፣ ፍሪድማን፣ ሪደርና ኦኮራፎር ይገባሉ። ቶዶሮቭን ገና እያሰብኩበት ነው።

ማታ አያቴ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የዶሮ ዋጋ አወራን፣ ከዚያ የጉልበቷን ሕመም። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አድርጌ ጠየቅኳት፦ «ያን ቀን ፊልሙ ላይ ውሸታሞች ያልሻቸው ለምንድን ነው? ጅብና ጦጣስ ያወሩ የለ፣ እነሱን ውሸታም አላልሻቸው።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፦ «እነሱ ሲጀምሩ ተረት ተረት ብለዋል?»

አላሉም አልኳት።

«እንግዲያ!» አለች። «ብለው ቢሆን ኖሮ እኔስ የላም በረት እል የለ።»

የሌሊት ፈረቃ፦

እዚህ ዳስ ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። መኪና ያመጣው ሰውዬ በመስኮት እያየኝ ነው።

ማኪያቶ ያለ ስኳር፦

ይሄን ንግግር ቃል በቃል ጻፊው። ቀኑንም መዝግቢ። ፈቃድም ጠይቂያት፣ አያትሽ ብትሆንም ለጥናት ሲሆን ይጠየቃል። ሌሎች አዛውንቶችንም ጨምሪ፣ አንድ ሰው አይበቃም፤ ፈታኞቹ መጀመሪያ የሚመቱሽ እዚያ ላይ ነው።

እንጀራ በኪሎ፦

ጥያቄ አለኝ፦ ፊልም «ተረት ተረት» የሚለው በምንድን ነው? በሙዚቃው? መጀመሪያ ላይ በሚመጣው ጽሑፍ? እኛ በሩን የምናየው ስለለመድነው ነው፣ እሷ ግን አልለመደችውም።

የድሮ መምህር፦

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። መልሱን አላውቀውም። ባለጥያቄዋ ታምጣልን።

ሻይ በሎሚ፦

ቀላል ነው። ቀጣዩን ፊልም ከመክፈትሽ በፊት አንቺው «ተረት ተረት» በያት። «የላም በረት» ካለች በኋላ መንኮራኩሯን አስነሺ። ምን እንዳለች እዚህ ጻፊልን።

ብርቱካን ልጣጭ፦

ለቡሄ እሄዳለሁ። ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጌ ነው የምሄደው።